ማታ ምጣዱ ለምን አይሞቅም? በቴስተር የለካሁትን ይዤ መጥቻለሁ

የደሴው · ሰኞ፣ ማታ 4፡20

ሰላም ለሁላችሁ። የኤሌክትሪክ መሐንዲስ ነኝ፤ ፋብሪካ ውስጥ ነው የምሠራው። ባለፈው ሳምንት ደሴ እናቴ ጋ ነበርኩ። ማታ 1 ሰዓት ተኩል ላይ እንጀራ ልትጋግር ምጣዱን ሰካች። ከግማሽ ሰዓት በላይ ጠበቀች። ጎመን ዘር ነስንሳ በማሰሻ ብታሸው ጭስ የለም። እንደምንም ብላ የመጀመሪያውን አፈሰሰች። አክንባሎውን ስታነሳ እንጀራው ድፍን ብሎ፣ አንድም ዓይን ሳያወጣ ተኝቷል። "ዛሬም መብራቱ ደክሟል" አለችና ሊጡን መልሳ ከደነችው።

እናቴ ፊዚክስ አልተማረችም። ያለችው ነገር ግን ልክ ነው። ቴስተሬን አውጥቼ ሶኬቱ ላይ ለካሁ፤ 178 ቮልት። ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ተነስቼ ደግሜ ለካሁ፤ 224 ቮልት። መሆን ያለበት 220 ነው።

178 ሲታይ ብዙ የወረደ ላይመስል ይችላል። ምጣድ ግን ሽቦ ብቻ ነው፤ ሙቀቱ የሚወርደው በቮልቴጁ ካሬ ልክ ነው። ቮልቴጁ በግማሽ ቢቀንስ ሙቀቱ ወደ ሩብ ይወርዳል። 220 ላይ 3,500 ዋት የሚስበው የእናቴ ምጣድ 178 ላይ የሚሰጠው 2,300 ዋት ገደማ ነው። አንድ ሦስተኛው ሙቀት የለም። እንጀራ ደግሞ ዓይን የሚያወጣው ሊጡ እንዳረፈ ሙቀቱ ሲያስፈነዳው ነው። ቀስ ብሎ የሞቀ ሊጥ ይበስላል እንጂ ዓይን አያወጣም።

ይህንን የጻፍኩት ስለ ምጣድ ብቻ አይደለም። ስለ ኃይል ስናወራ ወሬያችን ሁሉ ግድብ ነው። ከትራንስፎርመሩ እስከ ቤታችን ያለችውን የመጨረሻ ሽቦ ግን ማንም አያነሳትም። እስቲ ስለ እሷ እናውራ።

የጎንደር ልጅ · ሰኞ፣ ማታ 4፡51

ወንድሜ፣ ሁሌ የሚገርመኝ ነገር አለ። ግድቡ አለቀ። ተመረቀ። ሁላችንም ቦንድ ገዝተንበታል፣ እኔ ገና ተማሪ ሆኜ ነው የገዛሁት። ታዲያ ምን ጎደለ? ይባስ ብሎ ለኬንያ እየሸጥን ነው። መጀመሪያ የእናቶቻችን ምጣድ አይሞቅም ነበር?

የደሴው · ሰኞ፣ ማታ 5፡40

ጥያቄህ የብዙ ሰው ጥያቄ ስለሆነ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

የሕዳሴ ግድብ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ተመርቋል። 13 ተርባይን፣ 5,150 ሜጋ ዋት። ሜጋ ዋት ግን የተርባይኑ ጉልበት ነው፤ በዓመት ምን ያህል ኃይል ይወጣል የሚለው ሌላ ነው። ሁሉም ተርባይን ዓመቱን ሙሉ ሳያርፍ ቢዞር 45,000 ጊጋ ዋት ሰዓት ያህል በወጣ ነበር። በዕቅዱ የተሰላው ግን በአማካይ በዓመት 15,700 ገደማ ነው። 35 በመቶ ማለት ነው። ይሄ ጉድለት አይደለም። ትርፉ ጉልበት የተቀመጠው ውሃው ለሚበዛበት ወር እና አገሩ ሁሉ አንድ ላይ ለሚያበራበት የማታ ሰዓት ነው።

ከግድቡ የሚወጣው ኃይል በ500 ኪሎ ቮልት፣ በዴዴሳ በኩል ሆለታ ይደርሳል። ለምን 500? 1,000 ሜጋ ዋት በ500 ኪሎ ቮልት ስትልከው 1,150 አምፔር ገደማ ነው። ያንኑ በ15 ኪሎ ቮልት ልላከው ብትል ከ38,000 አምፔር በላይ ይሆናል። ሽቦ ላይ የሚባክነው ደግሞ በአምፔሩ ካሬ ነው። ስለዚህ ረጅሙ መንገድ በከፍተኛ ቮልቴጅ ስለሚሄድ እምብዛም አይደክምም። ድካሙ የሚጀምረው ቮልቴጁ ወደ 380 እና 220 ወርዶ በሰፈር ፖል ላይ ሲሄድ ነው። ለእናቴ ቤት ይህች መንገድ 400 ሜትር ናት።

የሰፈሯ ትራንስፎርመር ላይ 100 ኬቪኤ ተጽፏል፤ የሚሸከመው ልክ ነው፣ ለምጣድ 100 ኪሎ ዋት ማለት ነው። 100ን ለአንድ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት አካፍለው። 28 ምጣድ። 28 እናቶች አንድ ላይ ከጋገሩ አንድም አምፖል ሳይበራ ትራንስፎርመሩ ሞልቷል። በዚያ ሰፈር ስንት ቤት እንዳለ አልቆጠርኩም፤ ከ28 ግን እጅግ ይበልጣል። ሲጨናነቅ ዝም ብሎ አይቀመጥም። ውስጡ ያለው ሽቦ በወረቀት ተጠቅልሎ ዘይት ውስጥ ነው ያለው። ለተለመደው ወረቀት፣ ሙቀቱ ከልኩ በላይ በየ6 ዲግሪው በጨመረ ቁጥር እርጅናው በእጥፍ ይፈጥናል። ለ20 እና 30 ዓመት የተገዛ ዕቃ በጥቂት ዓመት የሚፈነዳው በዚህ ነው።

ኬንያን በተመለከተ። መስመሩ ከወላይታ ሶዶ እስከ ሱስዋ 1,045 ኪሎ ሜትር ነው። 2,000 ሜጋ ዋት ይሸከማል፤ ሽያጩ የተጀመረው በ200 ነው፣ በኪሎ ዋት ሰዓት 6.5 የአሜሪካ ሳንቲም። 200ው ዓመቱን ሙሉ ሳይቋረጥ ቢሄድ 114 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ይሆናል። ያንን ዛሬ ማታ ብናቆመው በእናቴ ሰፈር ትራንስፎርመር በኩል አንዲት ዋት አትጨምርም። በሩ ጠባብ ነዋ። ዶላሩ ግን በሩን ማስፋት ይችላል፤ ትራንስፎርመርም ሽቦም በዶላር ነው የሚገዛው።

አንድ ነገር ግን አምናለሁ። በ2011 ግንቦት ፈረቃ የገባነው ውሃ ስላነሰ ነበር፤ የጊቤ 3 ሐይቅ ወርዶ። ያ በእርግጥ የማመንጨት ችግር ነው። መለያው ቀላል ነው። ኃይል ሲያንስ መብራት በተራ ጭልጥ ብሎ ይጠፋል። ሽቦ ሲጠብ መብራት አይጠፋም፤ ይደክማል።

እንጀራ ጋጋሪ · ማክሰኞ፣ ጠዋት 12፡05

ልጄ፣ እናትህን እግዚአብሔር ያቆይልህ። አዳማ ነው ያለሁት፤ እንጀራ ለሆቴል አስረክባለሁ። ሦስት ምጣድ አለኝ። ማታ መጋገር ከተውኩ ሁለት ዓመት ሆኖኛል። ሌሊት 9 ሰዓት ተኩል ላይ እነሳለሁ። ያን ሰዓት ምጣዱ ገና እንደተሰካ ይጦፋል። አንዱ እንጀራ ሦስት ደቂቃ አይፈጅም። ማታ ቢሆን ስድስት ሰባት ደቂቃ ይቆያል፣ ጠርዙ ይደርቃል፣ ከሰፌዱ ላይ ሲወርድ ይቀደዳል። የተቀደደ ሆቴሉ አይቀበልም።

አሁንም ጋግሬ ጨርሼ ነው የምጽፈው። ይህንን ነገር መሐንዲስ ሰው ሲያነሳው ሳይ ደስ አለኝ።

ቁጥር ወዳድ · ማክሰኞ፣ ቀን 6፡30

የኢኮኖሚክስ ሰው ነኝ። ከኔ በኩል ያለውን ልጨምር።

የኃይል መረብ የሚሠራው ለአማካዩ ሰዓት አይደለም፤ ጭነቱ ጣሪያ ለሚነካበት ሰዓት ነው። በኛ አገር ቤቶች ላይ ያ ሰዓት ማታ ከ1 እስከ 3 ነው። ለሁለት ሰዓት ተብሎ ትልቅ ትራንስፎርመር ይገዛል፤ ቀሪውን 22 ሰዓት ግማሹ እንኳ ሳይነካ ይውላል። ወጪው ግን የ24 ሰዓት ነው።

ታሪፋችን ይህንን አይናገርም። እስከ 2011 ድረስ ለብዙ ዓመታት የመጀመሪያው 50 ኪሎ ዋት ሰዓት አንዱ በ27 ሳንቲም ነበር የሚሸጠው። ከዚያ ተሻሻለ፤ ከመስከረም 2017 ጀምሮ ደግሞ በየሦስት ወሩ እያደገ ለአራት ዓመት የሚሄድ ታሪፍ መጣ። ለቤት ተጠቃሚ ሁለቱም የሚያዩት ብዛቱን ነው። ሌሊት 8 ሰዓት የተጠቀመና ማታ 2 ሰዓት የተጠቀመ እኩል ይከፍላሉ። ለመረቡ ግን ሁለቱ እኩል አይደሉም።

የውሃውም ነገር አለ። ብዙ ሰው የውሃ ኃይል ነዳጅ ስለማይገዛ ነፃ ይመስለዋል። ዛሬ ያፈሰስከው ውሃ ግን ሚያዝያ ላይ አይኖርህም። ኖርዌይ ኃይሏ ከሞላ ጎደል ውሃ ነው፤ እዚያ የግድቡን ውሃ ልክ እንደ ነዳጅ ዋጋ ሰጥተው ነው ዛሬ እንልቀቅ ወይስ እናቆይ የሚሉት።

ስለዚህ ሐሳቤ ይህ ነው፦ ዋጋው በሰዓት ይለያይ። ሌሊት ይርከስ፣ ማታ ይወደድ። ቆጣሪው ይቀየርና ሰው ራሱ ይመርጣል።

እንጀራ ጋጋሪ · ማክሰኞ፣ ቀን 8፡15

ወንድሜ፣ አክብሬህ ነው የምናገረው። እኔ እኮ ሌሊት የምነሳው ማንም ዋጋ ቀንሶልኝ አይደለም። ቮልቴጁ አስገድዶኝ ነው። በሳምንት ስድስት ሌሊት። ልጄን ትምህርት ቤት ስሸኝ ዓይኔ አይገለጥም። ማታውን ብታስወድደው ያልተነሱትም እንደኔ ይነሳሉ። የሚነሳው ደግሞ ማን እንደሆነ ታውቃለህ፤ ሴቷ ናት። ያ እንቅልፍ በማን ሒሳብ ላይ ተጻፈ?

ቁጥር ወዳድ · ማክሰኞ፣ ቀን 9፡02

እውነትዎን ነው እትዬ። ስሌቴ ውስጥ አላስገባሁትም ነበር። እኛ ያልደረሰ ኃይል ዋጋ የምንለው ነገር አለ፤ መብራት ሲጠፋ ሰው ምን ያህል ያጣል ብለን እናሰላለን። የሚሰላው ግን ፋብሪካ ቆመ፣ ጄኔሬተር ናፍጣ ጠጣ እየተባለ ነው። እርስዎ ያሉት መብራት ሳይጠፋ የሚከፈል ዋጋ ነው። ቆጣሪውም አያየውም፣ የተቋረጠ ሰዓት መዝገብ ላይም አይገባም። ይህንን ማጥናት አለብን።

በሰዓት የሚለያይ ዋጋን አልተውኩትም። ግን መጀመሪያ ሰዓቱን መቀየር በሚችሉት ይጀመር፤ በውሃ ፓምፕ፣ በቀዝቃዛ መጋዘን፣ በኤሌክትሪክ መኪና ቻርጅ። መኪናው ሌሊት ቻርጅ ቢደረግ እንቅልፍ የሚያጣ የለም።

ዳላስ ነኝ · ማክሰኞ፣ ሌሊት 6፡40

ስለ ዋጋ ካነሳችሁ ያየሁትን ልናገር። የካቲት 8 ቀን 2013፣ በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 15 ቀን 2021፣ ቴክሳስ በበረዶ ተያዘች። ሦስት ልጆቼን አንድ አልጋ ላይ ሰብስቤ ጋቢ ደርቤባቸው አደርኩ። ከአገር ቤት ያመጣሁት ጋቢ እንደዚያ ቀን ጠቅሞኝ አያውቅም።

ኋላ ሲተነተን የሰማሁት ያስደነግጣል። እዚህ የመረቡ ፍሪኩዌንሲ፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመላለስበት ብዛት፣ 60 ኸርዝ ነው፤ ኃይል ሲያንስ ይወርዳል። ያን ሌሊት 59.3 ገባ። ከ59.4 በታች ዘጠኝ ደቂቃ ቢቆይ ጣቢያዎቹ ራሳቸውን ለማዳን ይነቀሉ ነበር፤ ቴክሳስ ከሞላ ጎደል ሁሉ ለሳምንታት ልትጨልም ትችል ነበር። የቀረው 4 ደቂቃ ከ37 ሰከንድ ነበር። የጅምላ ዋጋው ደግሞ ጣሪያው ላይ ወጣ፤ አንድ ሜጋ ዋት ሰዓት 9,000 ዶላር። በደህናው ቀን ጥቂት አሥር ዶላር ናት። ዋጋው ለቀናት እዚያ ቆየ። የበረደውን የጋዝ ጉድጓድ ግን አላቀለጠውም። የቆመው ጣቢያም አልተነሳም።

ዋጋ የሚሠራው መልስ መስጠት የሚችል ሰው ሲኖር ነው። እህታችን ያሉት ይህንኑ ነው።

ወፍጮ ቤት · ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡10

የኔ ችግር ምጣድ አይደለም፣ ሞተር ነው። ማታ ቮልቴጅ ሲወርድ ሞተሩ ያቃስታል፣ ይግላል። ሁለቴ አስጠቅልያለሁ። አንድ ባለሙያ መጥቶ "ካፓሲተር ግጠም" አለኝ። እውነት ይጠቅማል ወይስ ሊሸጥልኝ ነው?

የደሴው · ረቡዕ፣ ቀን 7፡00

ይጠቅማል። ሞተር ከመረቡ ሁለት ዓይነት ነገር ይስባል። አንዱ ድንጋዩን የሚያዞረው ነው። ሌላው የሞተሩን መግነጢስ የሚፈጥረው፣ እየሄደ የሚመለሰው ነው። የሚመለሰው ሥራ አይሠራም፤ ሽቦውን ግን ይይዛል። ካፓሲተር ያንን እዚያው ሞተሩ ሥር ይሰጠዋል፤ ከትራንስፎርመሩ ድረስ መምጣቱ ይቀራል።

በቁጥር ላሳይህ። 15 ኪሎ ዋት የሚስብ ባለ ሦስት ፌዝ ሞተር (በሦስት የኃይል ሽቦ የሚሠራ)፣ ፓወር ፋክተሩ፣ ማለትም ከሚስበው ውስጥ ሥራ የሚሠራው ድርሻ፣ 0.7 ከሆነ፣ በ380 ቮልት 32.5 አምፔር ይስባል። 10 ኪሎ ቫር (የሚመላለሰው የሚለካበት) ገደማ ካፓሲተር ብትገጥምለት 0.95 ይደርሳል፤ አምፔሩ 24 ይሆናል። ወፍጮው የሚፈጨው ያው ነው። መስመሩ ላይ ባንተ ምክንያት የሚባክነው ግን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል፣ ጎረቤትህም ትንሽ ቮልት ያገኛል። ብቻ ሞተሩ ሲጠፋ ካፓሲተሩም አብሮ እንዲጠፋ ይገጠም፤ ሌሊት ብቻውን መስመር ላይ መቅረት የለበትም።

ሞተርህ የሚግለው ደግሞ፣ ቮልቴጅ ሲወርድ ያንኑ ሥራ ለመሥራት ብዙ አምፔር ስለሚስብ ነው። ምጣድ ሲደክመው ይቀዘቅዛል፣ ሞተር ሲደክመው ይቃጠላል። በአንዱ ፌዝና በኒውትራሉ (በመመለሻው ሽቦ) መካከል ስትለካ ከ190 በታች ሲሆን አቁመው።

የ4ኛ ዓመት ተማሪ · ረቡዕ፣ ማታ 2፡30

የመመረቂያ ጥናቴን ርዕስ እየፈለግኩ ነበር። ሁሉም ሰው ስለ ሶላር ነው የሚጽፈው። በዚህ በመጨረሻው ሽቦ ላይ ያለ ብዙ ገንዘብ የሚሠራ መፍትሔ አለ? ትራንስፎርመር ግዙ ማለት ጥናት አይሆንማ።

የደሴው · ረቡዕ፣ ማታ 5፡10

አለ፤ ይህንን ክር የከፈትኩት ለዚህ ነው።

ፖል ላይ ሦስት ፌዝ፣ ማለትም ኃይል የሚያመጡ ሽቦዎች፣ እና አንድ ኒውትራል፣ የጋራ መመለሻ ሽቦ፣ አለ። በሁለት ፌዝ መካከል 380 ቮልት፣ በፌዝና በኒውትራል መካከል 220 ነው። አንድ ቤት ሲገባ መስመር ዘርጊው ብዙ ጊዜ ለእጁ የቀረበውን ፌዝ ይይዛል። ከዓመታት በኋላ ሰፈሩ ግማሹ አንድ ፌዝ ላይ ተንጠልጥሎ ይገኛል።

አሁን ወረቀት ያዝ። መስመሩ 50 ካሬ ሚሊ ሜትር አልሙኒየም፣ 400 ሜትር ይሁን። አንዱ ሽቦ 0.23 ኦም ገደማ አለው። መጨረሻው ላይ ሦስት ምጣድና ሌላ ትናንሽ ነገር፣ በጠቅላላው 60 አምፔር፣ ሁሉም አንድ ፌዝ ላይ። 60ው በፌዙ ሄዶ በኒውትራሉ ይመለሳል፤ ደርሶ መልስ 0.46 ኦም። የሚወርደው 27.6 ቮልት። የሚባክነው 1,656 ዋት። የግማሽ ምጣድ ያህል ሙቀት ለፖሉ ላይ ወፎች ሄደ ማለት ነው።

ያንኑ 60 አምፔር በሦስቱ ፌዝ ላይ ሃያ ሃያ አድርገህ አከፋፍለው። ሦስቱ እርስ በርስ ስለሚጣፉ በኒውትራሉ የሚመለስ ነገር አይኖርም። የሚወርደው 20 ሲባዛ በ0.23፣ 4.6 ቮልት። የሚባክነው በሦስቱ ተደምሮ 276 ዋት። ሁለቱም በስድስት እጥፍ ቀነሱ። አዲስ ሽቦ አልተገዛም። የተፈለገው መሰላል፣ ክላምፕ ሜትር (ሽቦውን አቅፎ አምፔር የሚለካ) እና የአንድ ቀን ሥራ ነው።

ይህ ትራንስፎርመሩን አያሰፋውም፤ 28ቱ ምጣድ 28 ናቸው። ግን አንዱ ፌዝ 15 ምጣድ ተሸክሞ ሌላው 5 ብቻ ይዞ ከሆነ፣ ገና ሳይሞላ ነው የሚጎዳው። ጥናትህ ይህ ይሁን። አንድ ትራንስፎርመር ምረጥ። ለሁለት ሳምንት ሦስቱን ፌዝ በየ15 ደቂቃው መዝግብ። ቤቶቹን በምን ቅደም ተከተል ብናዛውር በትንሹ ሥራ ትልቁን ጥቅም እናገኛለን ብለህ ጠይቅ። ከዚያ ብሩን አስላ።

ሁላችሁም ስሙኝ፦ ራሳችሁ እንዳትወጡ። ፖል ላይ የሚወጣው የመብራት ኃይል ሠራተኛ ብቻ ነው። አንድ ሰው ኒውትራሉን በስህተት ቢፈታው አንዱ ቤት ወደ 380 የሚጠጋ ቮልት ሊገባበት ይችላል። ቴሌቪዥንና ፍሪጅ በአንድ ቅጽበት የሚቃጠለው እንደዚያ ሲሆን ነው።

የጎንደር ልጅ · ረቡዕ፣ ማታ 5፡35

ይህንን ማንም አስረድቶኝ አያውቅም። ነገ የሰፈሬን ፖል ቀና ብዬ አያለሁ።

የደሴው · ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ ቅዳሜ፣ ማታ 3፡00

ወሬ ይዤ መጣሁ። የእናቴ ጎረቤቶች 14 ሆነው ፈርመው ለመብራት ኃይል በጽሑፍ አመለከቱ። የለካሁትን በሰዓት በሰዓቱ አያያዝኩላቸው። ባለፈው ሐሙስ ሁለት ሠራተኞች መጥተው ሲያዩ፣ ከመጨረሻዎቹ ዘጠኝ ቤቶች ሰባቱ አንድ ፌዝ ላይ ነበሩ። አራቱን አዛወሩ። ጠዋት ጀምረው ከቀትር በፊት ጨረሱ፤ እናቴ ቡና አፍልታ ሸኘቻቸው።

ዛሬ ማታ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ደውዬ ቴስተሩን ሰክታ እንድታነብልኝ አደረግኩ። 203። ገና 220 አይደለም፤ ትራንስፎርመሩ አሁንም ጠባብ ነው። 203 ላይ ግን ምጣዱ 2,980 ዋት ገደማ ይሰጣል። ስልኩን ሳትዘጋ አክንባሎውን ስታነሳ ሰማሁ። "ዓይኑ መጣ" አለችኝ።

የየሰፈራችሁን ቁጥር እዚህ ጻፉ። ማታ 1 ሰዓት ተኩል እና ሌሊት 9 ሰዓት ላይ፣ ከትራንስፎርመሩ ስንት ፖል እንደምትርቁ ጨምራችሁ።

እንጀራ ጋጋሪ · እሑድ፣ ጠዋት 12፡20

ቴስተር ገዛሁ። አዳማ። ማታ 1 ሰዓት ተኩል፣ 186። ሌሊት 9 ሰዓት፣ 221። ከትራንስፎርመሩ 11 ፖል እርቃለሁ። ከኔ ወዲያ ስድስት ቤት አለ። ልጄ ከመሬት ቆሞ ፖሉ ላይ የተያያዘውን በዓይኑ ቆጠረው። ሰባታችንም አንድ ሽቦ ላይ ነን።

የደሴው · እሑድ፣ ጠዋት 1፡05

እትዬ፣ ፖሉን ከሥር ሆነው በስልክ ፎቶ አንስተው ይላኩልኝ። ጎረቤቶቹንም ያናግሩልኝ። ማመልከቻውን ዛሬ ከሰዓት አብረን እንጽፋለን።